ምስጥ ብቻውን አይበላም

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትጓዙ በማሳ ዳር ኩይሳ ካያችሁ፣ ከሥሩ እርሻ ሊኖር እንደሚችል አስቡ። የገበያ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ማን ከማን ጋር ቢሠራ እንደሚያዋጣ ማየት ነው። እንደ ምስጥ ያለ ሽርክና ግን አላየሁም።

የወላጆቼን ቤት ግድግዳ ከውስጥ ባዶ ያደረገው ይኸው ምስጥ ነው። እናቴ «ጥርሱ ይርገፍ!» ትለዋለች። ጥርሱ እንጨቱን ይቆርጣል እንጂ ጠንካራውን ክፍል ሆዱ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ እንጨቱን፣ አገዳውንና ደረቁን ሣር በልቶ ኩሱን ጎጆው ውስጥ ይከምራል፤ በላዩም ፈንገስ ያበቅላል። ፈንገሱ ያለሰልስለታል፤ ምስጡም መልሶ ይበላዋል። ይህ ግብርና አፍሪካ ውስጥ ከተጀመረ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። በክረምት ከኩይሳ ላይ የሚፈላው እንጉዳይም የዚሁ ፈንገስ ፍሬ ነው።

ለዚህ ነው ኩይሳውን ከላይ መናድ ብቻ የማይበቃው፤ ንግሥቲቱም እርሻውም ከታች ናቸው። አባቴ ዘንድሮ ቤቱን በድንጋይ መሠረት ላይ ሊያድስ ወስኗል፤ ወጪውን ከእህቶቼ ጋር ተካፍለናል። እናንተም ገጠር ወላጅ ካላችሁ፣ ለበዓል ስትሄዱ የግድግዳውን እንጨት ከሥሩ አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ክረምት ሳይገባ ተመካከሩ።