ጎፈሩ የተላጨው አንበሳ



ለቤተ ክርስቲያናችን የልጆች አገልግሎት ስለ ናርኒያ ታሪኮች የሚናገር፣ 24 ገጽ ያለው ባለ ሥዕል መጽሔት እያዘጋጀን ነው። ሲ. ኤስ. ሉዊስ ሰባቱን መጻሕፍት ያሳተመው እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 ድረስ ነው። እኔ የደረስኩባቸው ዘግይቼ፣ ነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ ነበር። ሰውዬውን የማውቀው ለክርስትና እምነት በሚሟገትባቸው ጽሑፎቹ ስለነበር የልጆች ተረት ጽፏል ሲሉኝ ገርሞኝ ነበር።

ሥዕሎቹን የምትሠራልን አንዲት ወጣት እኅት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጠን ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ እንዘረጋለን። የመጻሕፍቱን ሥዕሎች የሣለችው ፖሊን ቤይንስ ናት፤ ባለቤት ያለውን ሥራ መቅዳት ስለማይገባ የራሳችንን እንሥላለን። ቁም ሣጥኑ ቀላል ነበር፤ ያላየው ልጅ የለም። ክረምቱ ግን አስቸገረን። በታሪኩ ነጯ ጠንቋይ አገሩን በማያልቅ ክረምት ይዛዋለች፣ ገናም አይመጣም። ለእኛ ልጅ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ ገና ደግሞ በበጋ ይውላል። «መስከረም የማይጠባበት አገር ብንለውስ?» አልኳት። እሷ በረዶውን አልለቅም አለች። «መጋቢ፣ ልጆቹ በረዶ አይተው አያውቁም እኮ! ደስ የሚላቸው ለዚህ ነው።» ተሸነፍኩ።

ጠንቋይ የሚለው ቃል ግን በሣቅ አላለፈም። አንዲት እናት ረቂቁን አይታ፣ «መጋቢ፣ እኔ በልጅነቴ ታምሜ ጠንቋይ ቤት ተወስጃለሁ። ልጄ ይህን ቃል ከቤተ ክርስቲያን ይዞ እንዲመጣብኝ አልፈልግም» አለችኝ። ምን ልመልስላት? ለእንግሊዝ ልጆች ጠንቋይ የተረት ሰው ናት፤ ለዚህች እኅት ግን መንገዱንና በሩን የምታስታውሰው ቤት ነው። በታሪኩ ሴትዮዋ ራሷን ንግሥት ስለምትል «ሐሰተኛዋ ንግሥት» ብለን አለፍን። ሉዊስ ቅር ይለው ይሆን? እኔ ግን አልጸጸትም።

ከዚያ ወዲያ ግን ፈራሁ መሰለኝ፣ በየሥዕሉ ሥር ማብራሪያ መደርደር ጀመርኩ። አስላን በድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ የሚታረድበት ገጽ ላይ ስደርስ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፤ አንበሳው ማን እንደሆነ፣ ድንጋዩ ምን እንደሆነ፣ ከሃዲው ኤድመንድ እኛ እንደሆንን። ልጅቷ አንብባ ዝም አለች። ቆይታ፣ «መጋቢ እንዳይቀየሙኝ» ብላ ስለ ቤይንስ አነሣችልኝ። ቤይንስ ይህንኑ ትዕይንት ስትሥል አልቅሳለች፤ አንበሳው ማንን እንደሚያመለክት የገባት ግን በኋላ ነው።

እኔ ማን እንደሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ስለ መስቀሉ ስንት ዓመት ሰበክሁ! ያለቀስኩበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ቶሎ አልመጣልኝም። ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ሥዕሉን እንደገና አየሁት። ጎፈሩን ላጭተውታል። በእኛ አገር ጎፈር የጀግና ጌጥ ነበር፤ አንበሳ የገደለ ነበር በራሱ ላይ የሚያደርገው። አንበሳን በአውቶቡስ ላይና በብሔራዊ ቴአትር ፊት ቆሞ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የተላጨ አንበሳ ሲያይ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? በራእይ ምዕራፍ 5 ዮሐንስ ስለ አንበሳ ይሰማል፣ ቀና ሲል ግን የታረደ በግ ያያል። ግማሹን ገጽ ሰረዝኩት። ምዕራፉን ብቻ፣ ለወላጆች፣ በመጨረሻው ገጽ በትንሽ ፊደል አስቀመጥን።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ገጹን ለዚያች እናት አሳየኋት። እሷ ሳትናገር ልጇ ጣቱን ገመዱ ላይ አድርጎ፣ «ምን አድርጎ ነው?» አለ።

«ምንም» አልኩት።

ቀጣዩን ገጽ ገለጠ። ገና አልተሣለም ነበር። እናቱን ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠችና ትነግረው ጀመር።