የረቡዕ ሌሊት ሳል

ታናሽ ወንድሜ ዳቦ ቤቴ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ጆንያ የሚፈታው፣ ዱቄቱን ማቡኪያ ማሽኑ ላይ የሚገለብጠው እሱ ነበር። በአራተኛው ዓመት ማሳል ጀመረ፤ ሲተኛ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። በዚያው ሰሞን ወፍሮም ነበርና ፈረድኩበት። «ሆድህን ቀንስ፤ ማታ ማታ አትብላ» አልኩት፣ ያውም በሠራተኞች ፊት። አንገቱን ደፍቶ እራቱን ተወ።

ለፋሲካ ጎጃም እናታችን ዘንድ ሁለት ሳምንት ከረመ። «ልጄ ሳል የሚባል አላየሁበትም፤ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚተኛው» አለችኝ በስልክ። የአገር ቤት አየር ነው ብዬ አለፍኩት። ሰኞ ሥራ ገባ፤ ረቡዕ ሌሊት ጆንያው ላይ ተደግፎ ትንፋሽ ሲያጥረው አገኘሁት።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ፣ ወንድሜ ገና ከመቀመጡ፣ «ሥራህ ምንድን ነው? በእረፍት ቀንህ ይሻልሃል?» ብሎ ጠየቀው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሉን ስሰማ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ሕመሙ አስም ነበር፤ አስም አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ያን ቀን ሰማሁ። ከልጅነት ጀምሮ ከአለርጂ ጋር የሚመጣ አለ፤ ካደጉ በኋላ ከውፍረት ጋር የሚነሳ አለ፤ ሥራ የሚያመጣውም አለ። የጋጋሪዎች አስም የቆየ ነው፤ ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ ዱቄት የጋጋሪዎችን ትንፋሽ እንደሚያሳጥር ጽፏል። ሰውነት ዱቄቱን ለወራት፣ ለዓመታትም ችሎ ይኖርና አንድ ቀን ይጠላዋል። ሊጥ ለማሳመር የምንጨምረው ማሻሻያ ውስጥ ያለው ኢንዛይምም እንዲሁ አስም ያስነሳል።

ውፍረቱንም ሐኪሙ አልናቀውም። የሆድ ስብ ሳንባ እንደ ልቡ እንዳይሰፋ ከታች ይገፋዋል፤ የሚሳበው መድኃኒትም በወፈረ ሰው ላይ አንዳንዴ ኃይሉ ይቀንሳል። ግን ወንድሜ ትንፋሹ ሲያጥር ነው ከኳስ ሜዳ የቀረው፤ ከኳስ ሲቀር ነው የወፈረው። እኔ መጨረሻውን መጀመሪያ አድርጌበታለሁ።

ከዱቄቱ ቀደም ብሎ ቢለይ ኖሮ የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነበር። ይህን ሐኪሙ በለሰለሰ ድምፅ ነው የነገረን፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። ወንድሜ አሁን ሱቅ ይሠራል፤ ሳሉ ቀንሷል፣ የሚስበው ፓፍ ግን ከኪሱ አይለይም።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ቀርቷል። ጆንያ ከላይ አይገለበጥም፤ ዝቅ ተደርጎ በዝግታ ይፈስሳል፣ ማሽኑም ክዳን አለው። በሠራተኞች ፊት የተናገርኩትን ወንድሜን በእነዚያው ሠራተኞች ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እሁድ እሁድ ቤቱ ስሄድ ገላዬን ታጥቤ፣ ዱቄት ያልነካው ልብስ ለብሼ ነው።