ስለ ጉንዳንና ስለ ብርድ ወራት

በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ በቤቱ ጉንዳን ያኖራል ቢባል፣ ባገር ቤት ያሉ ዘመዶቹ ማመን ይቸግራቸዋል። እናቱ በደብረ ብርሃን ጉንዳን መሥመር ሠርቶ ወደ ጓዳ ሲገባ ባዩ ጊዜ አመድ ነስንሰው ይመልሱት ነበር እንጂ፣ ማር አቅርበው ሲቀበሉት ማንም አላየም። በአውሮፓ ግን ነገሩ የቈየ ነው። ጆን ላቦክ የተባለው እንግሊዛዊ ጉንዳኖችን በመስተዋትና በመስተዋት መካከል አኑሮ ጠባያቸውን ብዙ ዘመን ከመረመረ በኋላ፣ ያየውን በ1882 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በመጽሐፍ አሳትሟል፤ ከ1874 ዠምሮ ያኖራት አንዲት ንግሥትም እስከ 1888 ድረስ በሕይወት ቈይታለች።

ሰውዬውን ወደዚህ ሥራ ያገባችው የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁ ናት። በሐምሌ፣ ነፋስ በሌለበት ሞቃት ቀን፣ ክንፍ ያላቸው ጥቋቍር ጉንዳኖች ከየጕድጓዳቸው ወጥተው በአየር ላይ ይጋባሉ። ወንዶቹ ብዙ ሳይቈዩ ይሞታሉ፤ ሴቶቹ ክንፋቸውን ጥለው የሚሸሸጉበት ስንጥቅ ይፈልጋሉ። ልጅቱ ከእነዚህ አንዲቱን ከመንገድ ዳር አንሥታ በመዳፏ ይዛ መጣች። አባትየውም ግርጌውን ውሃ ሞልቶ በጥጥ ደፈነና በመስተዋት ቱቦ ውስጥ አገባት፤ አፉንም እንዲሁ በጥጥ ዘግቶ በጨለማ አኖራት። እርስዋም እስከ መስከረም ድረስ አንዳች ሳትቀምስ፣ ከእንግዲህ የማትበርበትን የክንፏን ሥጋ በሰውነቷ ውስጥ እያቀለጠች፣ የመዠመሪያ ልጆችዋን ከገዛ ገላዋ መገበች። ወሩ ሲጋመስ ዐሥራ አንድ ሠራተኞች ወጡ፤ ከእናታቸው ጋር ሲተያዩ እንደ ነጥብ የሚቈጠሩ ናቸው።

ይህ ሁለተኛው ሙከራ ነበር። በፊተኛው ዓመት ልጅቱ እንዲሁ ይዛ ያመጣቻት ሌላ ንግሥት ልጆች ባፈራች ጊዜ፣ አባትየው ብርዱ ሲመጣ አዘነላቸውና ቱቦውን ከቤት ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠ፤ ማርና የተቈራረጠ ዝንብም አላጓደለባቸውም። ንግሥቲቱ ግን ዕንቍላል መጣል ተወች፤ እጮቹ ሳያድጉ ባሉበት ቀሩ፤ ሠራተኞቹ አንድ ባንድ አለቁ፤ በሚያዝያ እርስዋም ሞተች። ልጅቱ ሦስት ቀን አለቀሰች። አባትየው ኋላ መጻሕፍት ገልጦ ሲያነብ፣ ይህ ዘር በያመቱ የብርድ ዕረፍት ካላገኘ እንደሚደክም ተረዳ። ከልጅቱ ልቅሶ ይልቅ የከበደው ይህ ነው፤ የጐዳቸው የገዛ ርኅራኄው ነበርና።

ለስሕተቱ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ቃሉ ሳይሆን አይቀርም። ለሐበሻ ክረምት ማለት ዝናም ነው፤ ዘር የሚዘራበት፣ ሣር የሚለመልምበት ወራት ነው። የፈረንጅ ክረምት የሚባለው ግን ባገር ቤት ሰማዩ በጠራበት፣ እህሉ በዐውድማ ላይ በሚወቃበት ጊዜ የሚወርድ ውርጭ ነው። ስለዚህ «ጉንዳን ክረምቱን ያሳልፍ» ሲባል የደብረ ብርሃን ሰው የሚያስበው ከዝናም መጠለልን እንጂ አራት ወር ሙሉ ከመብልና ከመውለድ ማረፍን አይደለም።

ስለ ስንቃቸውም ቢሆን ሊቃውንት ሳይቀሩ ተሳስተዋል። ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን የላከው መብሏን በበጋ ስለምታከማች ነው። የሰሜን አውሮፓ ሊቃውንት ግን ያገራቸውን ጉንዳን ቤት ቈፍረው አንድ ፍሬ እህል ስላጡበት፣ ጠቢቡ ነጩን ሙሽሬ አይቶ እህል መስሎት ይሆናል ይሉ ነበር። ኋላ ሞግሪጅ የተባለ እንግሊዛዊ በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳር፣ በማንቶን፣ የጉንዳኖቹን ጎተራ ከፍቶ በውስጡ ያገኘውን ዘር አሳየ፤ መጽሐፉም በ1873 ታተመ። እህል ሰብሳቢው ዘር በምድረ እስራኤልም ይኖራል፤ ሰሎሞን አልተሳሳተም። የፍራንክፈርቱ ጥቁር ጉንዳን ግን በእውነት ጎተራ የለውም። ስንቁ በሆዱ የቋጠረው ስብ ነው፤ ሆዱ ከሞላ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ማር ቢያቀርቡለት እንኳ ፊቱን ያዞራል።

አባትየው ይህን ካወቀ በኋላ፣ ብርዱ በድንገት እንዳይመታቸው አስቀድሞ ቱቦውን ወደ ምድር ቤት አውርዶ ሁለት ሳምንት አቈየው። በኅዳር አጋማሽም በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በትንሽ ሣጥን አድርጎ፣ በማቀዝቀዣው የአትክልት መሳቢያ ውስጥ አኖረው። ቴርሞሜትሩ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ሚስቱ በጎመኑና በቅቤው መካከል ጉንዳን መግባቱን በሰማች ጊዜ አንድ ቀን ሙሉ አላናገረችውም፤ በማግሥቱ ግን ማንም ሳያዛት በሣጥኑ ላይ «አይነካ» ብላ ጻፈችበት።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራ ምንም አለመሥራት ነው፤ ከሥራውም ሁሉ የከበደው እርሱ ሆነ። በየሁለት ሳምንቱ ውሃው እንዳልደረቀ፣ ጥጡም እንዳልሻገተ በደብዛዛ ብርሃን አይቶ መዝጋት ብቻ ነው። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት አባትየው ውሃ ሊጠጣ ቢነሣ፣ ልጁን ሣጥኑን ከፍታ ከማቀዝቀዣው ፊት ቆማ አገኛት። ጉንዳኖቹ በእናታቸው ዙሪያ ተጣብቀው እንደ ጠብታ ቀለም ሆነዋል።

«አባዬ፣ አይንቀሳቀሱም፤ ሞተዋል» አለችው።

«አልሞቱም፣ ልጄ።»

«በምን ታውቃለህ?»

መልስ አልነበረውም። ቱቦውን በመዳፉ ይዞ ቢያሞቀው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እግራቸው እንደሚንቀሳቀስ፣ ልጁም ተጽናንታ እንደምትተኛ ያውቃል። ነገር ግን ያለጊዜው የነቃ ጉንዳን ለመጋቢት ያስቀመጠውን ስብ ያቃጥላል። ደግሞስ ሞቅ ባደረገው ጊዜ ባይንቀሳቀሱ? ሣጥኑን ዘግቶ ወደ ስፍራው መለሰው፤ ልጅቱ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስም ከአልጋዋ ጫፍ ተቀመጠ።

በየካቲት መጨረሻ ቱቦውን አውጥተው እንደ ቀድሞው በምድር ቤት አቈዩትና ወደ ክፍሉ አገቡት። ሁለት ሠራተኞች ሞተው ነበር። እጮቹ በኅዳር እንደ ነበሩ ናቸው፤ አላደጉም፤ አልጠፉም። ከቀትር በኋላ የንግሥቲቱ አንቴና ተነቃነቀ። ልጅቱ በስንጥር ጫፍ የስኳር ውሃ ጠብታ አኖረች፤ አንዲት ሠራተኛ ቀርባ ሆዷ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ጠጣች፤ ከዚያም ተመልሳ የያዘችውን ከአፏ ወደ እናቷ አፍ አቀበለች። ልጅቱ ትንፋሿን ውጣ ቈጠረች፤ ዘጠኝ።

ሚስቱም በትከሻቸው ላይ አጎንብሳ ስታይ ቈይታ፣ «ይህች ንግሥት ስንት ዓመት ትኖራለች?» ብላ ጠየቀች። እርሱም የዚህ ዘር አንዲት ንግሥት በሰው ቤት ከ28 ዓመት በላይ እንደ ኖረች መጻፉን ነገራት።

«እንግዲያስ ለጎመኑ ሌላ ስፍራ ይፈለግለት» አለች።