እጥፍና ግማሽ

«ወለድ» የሚለው ቃል ከመውለድ የመጣ ነው። ገንዘብ ገንዘብን ይወልዳል፤ የተወለደውም በተራው ይወልዳል። የዱር እንስሳትን ብዛት የሚያሰሉ ሊቃውንት የሚጠቀሙበት ቀመር ከአራጣ አበዳሪው መዝገብ ብዙም አይለይም፤ በየዓመቱ የሚጨመረው የሚወሰነው አስቀድሞ ባለው ቁጥር ነው። መቶ ካለ ዐሥራ አንድ፣ ሺህ ካለ መቶ ዐሥር።

ለዚህ ከታንዛኒያው የሴሬንጌቲ ሜዳ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። በ1961 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በዚያ የተቆጠረው ዊልደቢስት 260 ሺህ ያህል ነበር። እንስሳው በኢትዮጵያ ስለማይኖር የአማርኛ ስም አልወጣለትም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ኙምቡ ይሉታል፣ በቅሎንም በዚሁ ስም ይጠራሉ። በ1977 ቁጥሩ ወደ 1.4 ሚሊዮን ደረሰ። በዓመት 11 በመቶ አደገ፣ በየስድስት ዓመት ተኩሉም እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

እንስሳው በድንገት ወላድ ሆኖ አይደለም። ይሞት የነበረው ጥጃ መሞቱን ስላቆመ ነው። ገዳዩ በአማርኛ «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ነበር፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ክፉውን በመልካም ስም መሸንገል ፈልገው ይሆናል። በሽታው በ1887 ለጣልያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር በምፅዋ ገብቶ የኢትዮጵያን በሬ ፈጀ። ማረሻ የሚጎትት ጠፋና «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ መጣ፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይነገራል። ከዚያም ወደ ደቡብ ወርዶ ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ዛምቤዚን ተሻገረ። ጎሹንም ዊልደቢስቱንም አልማረም።

ለረጅም ጊዜ የበሽታው ማኅደር የዱር እንስሳው እንደሆነ ይታሰብ ነበር፤ ከብቱን ለማዳን አውሬውን ማጥፋት መፍትሔ የመሰላቸውም ነበሩ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሴሬንጌቲ ዙሪያ ያለው ከብት ሲከተብ ግን በሽታው ከዱሩም ጠፋ። ክሱ የተገላቢጦሽ ነበር፤ አውሬውን ይበክል የነበረው ከብቱ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2001 በኬንያው ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በጎሾች ላይ ሲሆን፣ በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ።

ቀመሩ ሳይገታ ቢቀጥል ኖሮ በ2010 የሴሬንጌቲ ዊልደቢስት ከ40 ሚሊዮን በላይ በሆነ ነበር። አልሆነም። 1.3 ሚሊዮን አካባቢ ቆመ፤ በ1993ቱ ድርቅ እንዲያውም ለጊዜው ከአንድ ሚሊዮን በታች ወረደ። የበጋው ሣር የሚበቃው ለዚያን ያህል አፍ ብቻ ነው፤ በቀመሩ ውስጥ ግን ሣር የሚባል ነገር የለም።

የቁልቁለቱ ስሌት የበለጠ አታላይ ነው። በኬንያ በ1973 167 ሺህ ይገመት የነበረው ዝሆን በ1989 16 ሺህ ያህል ቀረ። ዘመኑ እንደ ዊልደቢስቱ ዐሥራ ስድስት ዓመት ነው፤ ነገር ግን በየዓመቱ 14 በመቶ ገደማ እየጎደለ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ ግማሽ እየሆነ። ይህን በሰንጠረዥ የሚያነብ ባለሥልጣን ሊጽናና ይችላል፤ ስሌቱ መጀመሪያ ላይ በዓመት ከ20 ሺህ በላይ፣ በመጨረሻው ከ3 ሺህ በታች ጉድለት ያሳያልና። ግድያው የቀነሰ ይመስላል። የቀነሰው የሚገደለው ነው።

በወረቀት ላይ የግማሽ ግማሽ እየተባለ ቢወረድ ዜሮ አይደረስም። በዱር ግን ግማሽ ዝሆን የለም። አዳኙም አስቀድሞ የሚመርጠው ጥርሳቸው የረዘመውን አንጋፎች ነው፤ ከእነዚያም መካከል በድርቅ ጊዜ ውኃ ያለበትን የምታውቀው አሮጊት መሪ ትገኛለች።

በሐምሌ 1989 ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ አቃጠሉ፤ በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉን ንግድ የሚያግድ ውሳኔ ተላለፈ። በ2021 በተደረገው ብሔራዊ ቆጠራ 36,280 ዝሆን ተገኘ። ሲሰላ ዕድገቱ በዓመት 2.6 በመቶ ነው፤ ዝሆን 22 ወር ታረግዛለች፣ ከዚያም ለዓመታት ታጠባለች። ግማሽ ለመሆን አምስት ዓመት ያልፈጀበት መንጋ እጥፍ ለመሆን 27 ዓመት ፈጀበት። በዚሁ ፍጥነት ከሄደ ወደ 1973ቱ ቁጥር የሚመለሰው በ2080 ገደማ ነው። ያን ጊዜ ዝሆን ይረግጠው ከነበረው ሜዳ ብዙው ዛሬ ታርሷል፣ ታጥሯልም፤ ገበሬውም በቆሎዬን ዝሆን በላብኝ እያለ ካሣ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል።