ዳዊትሽን ስትከፍቺ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ነገ በዚህ ሰዓት አየር ላይ ነሽ። ስንሰነባበት እንባ እንደሚቀድመኝ ስለማውቅ፣ በአፌ የማልጨርሰውን ጽፌ ከዳዊቴ ጋር በሻንጣሽ ውስጥ አኑሬልሻለሁ። ዱባይ ገብተሽ እንቅልፍ እምቢ ያለሽ ሌሊት አንብቢው።

እግዚአብሔር ቸር ነው ስልሽ ያደግሽው ደልቶኝ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዝናቡ ቀረ፤ በሬዎቻችን አለቁ፤ ጎተራው ተጠረገ። ቀያችንን ጥለን በእግራችን ኮረም ገባን። ኮረም ደጋ ነው፤ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። በረሃብ የተሰደደ ያ ሁሉ ሕዝብ ሜዳ ላይ ያድርና፣ የሞተው ከተኛው የሚለየው ሲነጋ ነበር። የአራት ዓመት ወንድሜን እዚያ ቀበርነው።

በማግስቱ አያትሽ እንደ ወትሮዋ ወደ ምሥራቅ ዞራ «ተመስገን» ስትል ሰማኋት። ንድድ አለኝ። «እማ፣ ምን አለንና ነው ተመስገን የምትዪው?» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝና «አንቺ አለሽልኝ» አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ ስለ ልጇ ስታለቅስ ዋለች። ምስጋናዋና እንባዋ አንድ ቤት ሲያድሩ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዳዊትሽን ስትከፍቺ 135ኛውን መዝሙር ፈልጊ። የእግዚአብሔር ምሕረት ለዘላለም መሆኑን በየቁጥሩ ይመላልሰዋል። ፀሐይና ጨረቃ ሲፈጠሩ ይለዋል፤ ባሕሩ ሲከፈል ይለዋል። ሕዝቡ በምድረ በዳ ሲያልፍም ያንኑ ይላል፤ በረሃውን ዘሎ ርስቱ ላይ አልደረሰም። እኔም ኮረምን ዘልዬ ስለ ቸርነቱ ብነግርሽ ልቤ «አላምንሽም» ይለኛል።

ምሕረቱ በሰው እጅ ነው የደረሰኝ። ፋፋ እየሰፈረ በሚያድል እጅ፤ ከጭብጧ ቆሎ ከፍላ በሰጠችኝ፣ ስሟን እንኳ በማላውቃት ሴት እጅ። ስለዚህ ሲቸግርሽ የሰው እጅ ፈልጊ፤ ነውር የለውም። ደመወዝሽ ቢያዝ፣ ክፉ ቃል ወይም ዱላ ቢደርስብሽ፣ «እሱ ያውቃል» ብለሽ አፍነሽ አትያዢው። እሱማ ያውቃል፤ ሰው እንዲያውቅልሽ ደግሞ አንደበት ሰጥቶሻል። የፓስፖርትሽን ቅጂ ለብቻ ሸሽጊ። የአቡ ዳቢውን ኤምባሲያችንንና የዱባዩን ቆንስላችንን ስልክ በቃልሽ ያዢ። ለእኛም ደኅና ሳትሆኚ «ደኅና ነኝ» አትበዪን። ብር ባይመጣ ቤታችን አይፈርስም።

አንቺም እጅ ሁኚ። ካንቺ በኋላ የመጣች፣ ቋንቋው ያልገባት ልጅ ብታገኚ፣ እንጀራሽን ብቻ ሳይሆን የምታውቂውንም አካፍያት። ምናልባት እሷም «አንድ ሰው ላክልኝ» ብላ ለምና ይሆናል።

ጸሎትሽ ከጣሪያ በላይ የማይወጣ የሚመስልሽ ቀን ይመጣል። ያን ቀን ቃል አታብዢ። ያመመሽን ሳትደብቂ ንገሪው፤ አልቅሺ። ከዚያ በልጅነቴ በቁጣ የጠየቅኩትን አንቺ በቀስታ ጠይቂ፤ «ምን አለኝ?» በይ። ያለሽን አንድ በአንድ ቁጠሪ። እኔ አለሁልሽ፤ ከእኔ ጀምሪ።

እመብርሃን አትለይሽ። በወጣሽበት በር በሰላም ያስገባሽ፤ አሜን።

እናትሽ