ያልተነገረ ውርስ

 

በዚህ ወር ስለ ውርስ ልናወጋችሁ አስበናል። ስለ ቤትና ስለ ገንዘብ ድርሻ ግን አይደለም፤ እርሱን ዑለማዎቻችን በሚገባ ያስተምሩናል። እኛ ማንሳት የፈለግነው ሟች ሳይናገር ትቶት ስለሚያልፈው፣ ወራሽም ሳያውቅ አብሮት ስለሚያድረው ነገር ነው። እርሱም የተደበቀ የጦር መሣሪያ ነው።

እኛ በምንኖርበት በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ያለው ሕዝብ ከመሐል ከተማም ከክፍለ ሀገርም የተሰባሰበ ነው። ሰው ቤት ሲቀይር ዕቃውን ጭኖ ይመጣል። ከዕቃው መካከል አንዳንዴ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሞራ ታሽቶ ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ነገር ይኖራል። በድሮው ግቢ የሚቀበርበት መሬት ነበረው። በሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን የሚቆፈር መሬት የለም፤ ስለዚህ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ጀርባ ይገባል። ይህም ልጆች ድብብቆሽ የሚጫወቱበት ቦታ ነው።

አባቶቻችን ይህንን መሣሪያ ለምን ደበቁት? በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ወራሪው መሣሪያችሁን አስረክቡ ሲላቸው ውጅግራውን፣ ምንሽሩንና አልቢኑን ሸሸጉት። ያን ጊዜ መሸሸግ አገርን ማዳን ነበር። በደርግ ዘመን፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ደግሞ የተደበቀው ለነፍስ ተብሎ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ክላሹን በርካሽ የሸጠም፣ ጥሎ የሄደም ወታደር ነበር። የዚያ ጊዜ ትርፍ መሣሪያ ምን ያህል አደገኛ እንደነበር ግንቦት 27 ቀን በንፋስ ስልክ የፈነዳው የጥይት መጋዘን አሳይቷል። በ1977 ዓ.ም. የረሃባችንን ሥዕል ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ሙስሊም ጋዜጠኛ መሐመድ አሚን ግራ እጁን ያጣው፣ ባልደረባው ጆን ማታይም ሕይወቱን ያጣው በዚያ ፍንዳታ ነው።

እንግዲህ ለመደበቁ በየዘመኑ ምክንያት ነበረው። ምክንያቱ ሲያልፍ ግን መሣሪያው አላለፈም። ዛሬ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም ማከማቸትንም ይከለክላል። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ታዝዞ ነበር። ይሁንና የቤቱ አባወራ ሞቶ ከሆነ፣ ሚስት መኖሩን ሳታውቅ ምን ታስመዘግባለች?

ይህ ጥያቄ እንዲያው የተነሳ አይደለም። በሰፈራችን ባሏ የሞተባት አንዲት እናት የባሏን አሮጌ ሻንጣ ስትፈታ ጠመንጃ አገኘች። ወደ እኛ መጥታ፣ «ኡስታዝ፣ ብናገር ልጆቼን ያስሩብኛል፤ ዝም ብል ልጆቼ ያገኙብኛል። የቱ ይሻለኛል?» አለችን። እኛም ብቻችንን መልስ አልሰጠንም። ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ጋር ከተመካከርን በኋላ ባዶ እጃችንን ሄደን ለፖሊስ አመለከትን፤ መሣሪያ ይዞ መንገድ መውጣት ራሱን የቻለ ጥፋት ነውና። ፖሊሶቹ መጥተው ሲመለከቱት ጠመንጃው ጥይት ጎርሶ ነበር። የስምንት ዓመቱ ልጅ ከዚያ ሻንጣ በላይ ባለው አልጋ ላይ ሲተኛ ከርሟል። እናትየው ቃሏን ለመስጠት ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች፤ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን አልሐምዱ ሊላህ፣ ልጆቿ በሰላም ይተኛሉ።

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በመስጊድና በገበያ ቀስት ይዞ የሚያልፍ ሰው ጫፉን እንዲጨብጥ አዘዋል። ከሰገባው የወጣ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይሰጥ ከልክለዋል። አይጥ ክሩን ጎትታ ቤቱን እንዳታቃጥል በሌሊት ኩራዙ እንዲጠፋ መክረዋል። ለአይጥ እንኳ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ፣ ለገዛ ልጃችን እጅ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል? ከዚህም ሌላ ኑዛዜ የሚገባው ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር አስተምረዋል። የተደበቀ መሣሪያ ካለ ከዚህ የበለጠ የሚነገር ምን አለ?

«የአባቴ ማስታወሻ ነው» የሚሉ አሉ። የአባት ማስታወሻ ዱዓና ሰደቃ ነው፤ የጀግንነቱንም ታሪክ ለልጅ መንገር ይቻላል። «ክፉ ቀን ቢመጣስ?» የሚሉም አሉ። ለቤተሰብ ክፉው ቀን ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከውስጥ ነው፤ በንዴት፣ በልጅ ጨዋታ፣ ወይም ተስፋ በቆረጠ ጎረምሳ እጅ። ደግሞም ብረቱ ዛገ ማለት ጥይቱ ሞተ ማለት አይደለም። የዛገ አፈሙዝ በተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች ከተገደሉባት በኋላ ሕጓን አጥብቃ ወደ 650,000 የሚጠጉ መሣሪያዎችን ገዝታ ሰበሰበች። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ለሦስት ወር ምሕረት ስታውጅ ግን ከ57,000 በላይ ሌላ ወጣ። ሰርቢያም በ2023 የሚያስረክብ ሰው አይጠየቅም ብላ ስታውጅ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 13,500 ያህል መሣሪያዎችና ቦምቦች ገቡ። ከዚህ የምንረዳው ጥብቅ ሕግ ብቻውን ከአልጋ ሥር ያለውን እንደማያወጣ ነው። የሚያወጣው ፍርሃትን የሚያስወግድ በር ነው። የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላትም እንዲህ ያለውን በር በግልጽ ቢከፍቱ፣ መስጊዶችና ቤተ ክርስቲያናት በየሰፈሩ ቢያስተዋውቁት፣ ብዙ ቤት ከጭንቀት ይገላገላል ብለን እናምናለን።

እስከዚያው ድረስ፣ ውድ አባቶች፣ የደበቃችሁት ካለ ዛሬውኑ ለባለቤታችሁ ንገሩ። የሕግ ዐዋቂ አማክሩ፤ በእጃችሁ እያለ እናንተው ተገላገሉት እንጂ ለሚስትና ለልጅ አታውርሱት። ውድ እናቶች፣ ድንገት ካገኛችሁ አትንኩት፣ ለመፍታትም ሆነ ለመወልወል አትሞክሩ። ልጆችን ከክፍሉ አውጡ፣ በሩን ቆልፉ፣ ከሽማግሌ ጋር ሆናችሁ አመልክቱ። ወንዝ ወይም ሽንት ቤት መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ የሌላ እናት ልጅ ያገኘዋልና።

አላህ (ሱ.ወ) ቤቶቻችንን ከምናውቀውም ከማናውቀውም አደጋ ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።