ለቅሶም ሠርግም ሳይኖር

በአገራችን ዘመድ ወዳጅን መጠየቅ የቆየና የተከበረ ልማድ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለቅሶ ይደረሳል፣ ሠርግ ይታደማል፣ አራስ ትጠየቃለች፣ የታመመም ይጎበኛል። ለዚህ ሁሉ ሥራ ይተዋል፣ ብር ይበደራል፣ ረጅም መንገድ ይኬዳል። ነገር ግን አንዲት ባለትዳር ሴት «ጓደኞቼ ናፍቀውኛልና ሁለት ቀን አብሬያቸው ልዋል ልደር» ብላ ከቤቷ ብትነሣ ምን ትባላለች? በዛሬው ጽሑፌ ከእናንተ ጋር ልወያይበት የፈለግሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ የጀመርኩት በድሬዳዋ ነው። ስድስት ዓመት ኖሬባታለሁ። በመጋላ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ከሦስት ሴቶች ጋር ጎን ለጎን ክፍሎች ተከራይተን፣ በአንድ ምድጃ እየሠራን፣ የአንዷ ደመወዝ ሲያልቅ የሌላይቱን እየተካፈልን ወጣትነታችንን አብረን አሳልፈናል። አንዷ ነርስ፣ አንዷ መምህርት፣ በዕድሜ ትልቃችን የነበረችው ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። ስማቸውን ስለማልጽፍ በየሙያቸው እጠራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ በትዳር ምክንያት ወደ አዲስ አበባ መጣሁ፤ እነርሱም አግብተው በከተማይቱ ልዩ ልዩ ሠፈሮች መኖር ጀመሩ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወደ ድሬዳዋ ተመላልሻለሁ። ሁለቱ ለለቅሶ፣ አንዱ ለሠርግ ነበር። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለ ሟች እንጂ ስለ ራስ አይወራም። በሠርግ ቤትም ቢሆን ሴቶች ከወጥ ቤት ወደ ዳስ ሲመላለሱ ቀኑ ይመሻል። ስለሆነም በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር ላይ፣ የሞተም የሚያገባም ሳይኖር፣ ዓርብን ፈቃድ ወስጄ ለመሄድ ቆረጥኩ።

መምጣቴን ስነግራት ልብስ ሰፊዋ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና፣ «ማን ሞተ?» ስትል ጠየቀችኝ። ማንም እንዳልሞተ ብነግራት አላመነችም። «አቦ አትደብቂኝ፣ ቀስ አድርገሽ ንገሪኝ» አለች። አማቴ በበኩላቸው፣ «ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?» አሉ። ባለቤቴ ግን ሁለቱን ልጆቻችንን ተረክቦ ሸኘኝ። እርሱ በየቅዳሜው ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ለማየት ሲወጣ «ማን ሞተ?» ብሎ የጠየቀው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ በንጋት ተነሥቶ አዳማንና አዋሽን ያልፋል፤ ቀደም ሲል አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን ከተማና ቁልቢን አቋርጦ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከደንገጎ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር የደጋው ነፋስ ይቀርና ሙቀት ይተካል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሹራቡን ያወልቃል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል። የድሮው ጣቢያ ግን ጥላማ ዛፎች ባሉት በከዚራ አሁንም ቆሞ ይታያል። ከዚራንና መጋላን የሚለያቸው የደቻቱ ወንዝ ነው። በበጋ ሲያዩት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ወንዝ አይመስልም።

በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ይህ ደረቅ አሸዋ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ የሰው ሕይወት መቅጠፉ ይታወሳል። ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ገና ልጅ እግር ነበረች። ራሷ ብትተርፍም መተዳደሪያዋ የነበረውን መኪና ጎርፉ ወሰደባት። በዕቁብ አብረዋት የነበሩት የሠፈሯ ሴቶች ተሰብስበው የመጀመሪያውን ተራ ያለ ዕጣ ሰጧት። ዛሬ ሺቲ የምትሰፋበት መኪና በዚያ ገንዘብ የተገዛ ነው። የሴቶች ወዳጅነት ወሬ ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ሁላችንም በልብስ ሰፊዋ ቤት ተሰበሰብን። በድሬዳዋ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ ወንዶቹም በርጫ ይቀመጣሉ። የዚያን ዕለትም የቤቱ አባወራና ጓደኞቹ በአንደኛው ክፍል ተቀምጠው እስከ ማታ ሲጨዋወቱ ዋሉ። ጫት በጤናና በኪስ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አላጣሁትም፤ ሰዓቱንም ለማወደስ አይደለም የማነሣው። ሆኖም አንድ ነገር አስተዋልኩ። ወንዶች ከጓደኛ ጋር የሚውሉበት ሰዓት ስም ወጥቶለታል፣ ክፍልም ተሰጥቶታል። ውኃውንና ቡናውን የምታቀርበው ሴት ግን ከጓደኞቿ ጋር ለምትቀመጥበት ሰዓት ስም የለውም። እድር አለን፤ በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢም ሴቶች በአፎቻ ይደራጃሉ። እነዚህ የተከበሩ ማኅበራት ናቸው። ነገር ግን የሚሰበስቡን በአብዛኛው ሐዘን ወይም ደስታ ሲኖር ነው፤ በአዘቦት ቀን ሰው እንዴት እንደ ዋለ ለመጠየቅ አይደለም።

ከጨዋታችን እንደተረዳሁት፣ በአንድ ከተማ ውስጥ የሚኖሩት ሦስቱ እንኳ ተገናኝተው የሚውሉበት ቀን አልነበራቸውም። መምህርቷ ከምትኖርበት ከሳቢያን እስከ ልብስ ሰፊዋ ቤት በባጃጅ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሦስቱም የተያዩት ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት፣ በለቅሶ ቤት ነበር። ያራራቃቸው መንገድ ሳይሆን ነርሷ የማታ ተረኛ፣ መምህርቷ የልጆች እናትና የፈተና አራሚ፣ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የደንበኛ ቀጠሮ ያለባት መሆኗ ነው።

ማታ ሙቀቱ ስላስቸገረን ፍራሽ አውጥተን እንደ ዱሮው ግቢ ውስጥ ጋደም አልን። ሙሸበክ በሻይ እየበላን የቀድሞ ኑሯችንን እያነሣን ሳቅን። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ጨዋታው ቀዘቀዘ። በዚህ ጊዜ መምህርቷ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ እንዳደረገች፣ በግራ ጡቷ ላይ ከጥር ወር ጀምሮ እብጠት እንዳለ፣ ለባሏም ለእናቷም እንዳልነገረች ተናገረች። በመጋቢቱ ለቅሶ ከነርሷ ጎን ተቀምጣ ስታለቅስ እብጠቱ አብሯት ነበር ማለት ነው። እኔም በስልክ እንዴት ነሽ ስላት ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ትለኝ ነበር። ለምን እንዳልተናገረች ልብስ ሰፊዋ ስትጠይቃት፣ «በስልክ ሳወራ ልጆቹ አጠገቤ ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ሰው አለ። የት ልናገረው?» አለች።

ነርሷ አልተቆጣቻትም። ቁጭ አለችና፣ «ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት በርሽ ላይ ነኝ» አለቻት፤ እንዳለችውም አደረገች። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ካንሰር ሆኖ ተገኘ። መምህርቷ ሕክምናዋን ጀምራለች። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይዛመት ስለተደረሰበት ሐኪሞቹ ተስፋ ሰጥተዋታል። ይህን የጻፍኩት በእርሷ ፈቃድ ነው፤ «ሌላ ሴት ታንብበው» ብላኛለች።

እህቶቼ፣ የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች በብዛት ቀዳሚው ነው። በጡት ላይ የሚገኝ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ዝምታ አይደለም። የወር አበባ ካበቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጡታችሁን በእጃችሁ ዳስሱ። እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ለብቻ መሄድ የሚያስፈራ ከሆነ ጓደኛ ለዚህም ነው።

ባሎችም ልትረዱልን የሚገባ ነገር አለ። ሚስታችሁ ጓደኞቿን ለማየት ስትወጣ ቤቷን ንቃ አይደለም። እናንተ ከጓደኞቻችሁ ጋር የምታገኙትን ዕረፍት እርሷም ትፈልገዋለች፤ ልጆቹን ለአንድ ቀን መያዝም ከአባትነት ወግ ነው።

እኛ አራታችን ከዚያ ወዲህ አንድ ውሳኔ ላይ ደርሰናል። በየወሩ ጥቂት ብር እናስቀምጣለን፤ በየሦስት ወሩም በአንድ ቅዳሜ፣ ምክንያት ሳንፈልግ፣ እንገናኛለን። መምህርቷ ሕክምና ያለባት ሰሞን ከተማው ውስጥ ያሉት ሁለቱ በተራ አብረዋት ይሄዳሉ፤ እኔ ደግሞ የመሳፈሪያዬን ከተቀመጠው ገንዘብ አወጣለሁ። እናንተም ብትሆኑ ቀኑን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ለቤተሰቡም ንገሩ። ያልተቆረጠ ቀን በሥራና በልጅ ተይዞ ያልፋል። የተቆረጠውን ቀን ግን ቤተሰቡ ይለምደዋል፤ እየቆየም እንደ በዓል ራሱ ያስታውሳችኋል።